የጦሩን አውሮፕላን ተይው፣ ከጣና ወፎች ጀምሪ

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የባሕር ዳር ወጣት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምቼ ቀና ሳልል አላልፍም። በተለይ የጦር አውሮፕላን ነፍሴ ነው። አሁን ያገለገለ ካኖን ካሜራ ገዝቻለሁ። ያለኝ ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ነው። ፈረንጆቹ ተራራ ላይ ሆነው ተዋጊ ጄት ቁልቁል እያነሱ ሲለጥፉ አይቼ እቀናለሁ። እኔስ ከጣና ዳር ሆኜ መጀመር እችላለሁ? የት ልቁም? ሴቲንጉ ምን ይሁን? ምን ሌንስ ልግዛ? ደግሞስ በሕግ ያስጠይቃል ወይ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አዎ፣ ያስጠይቃል። በአገራችን የጦር ሰፈር፣ አየር ማረፊያ፣ ድልድይ፣ ግድብና ቤተ መንግሥት ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የከተማሽ አየር ማረፊያ ደግሞ ተራ አየር ማረፊያ አይደለም። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ መንገደኛ ያስተናግዳል፤ አየር ኃይሉም ይጠቀምበታል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሮኬት ተተኩሶበታል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ እዚያው ነሽ። እንዲህ ባለ ጊዜ አጥር ሥር ረጅም ሌንስ ይዛ የቆመችን ልጅ «ምን እየሠራሽ ነው?» የሚል ወታደር ሥራውን ነው የሠራው። እኔም ብሆን እጠይቅሻለሁ።

ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የጦር አውሮፕላን አታንሺ። ሲያልፍ ካጋጠመሽ በዓይንሽ እዪው፤ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ይቆይ። ይህን የምልሽ ሕጉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። የሞተር ድምፅ ለአንቺ ደስታ ነው። በሰላሙ ጊዜ ለሁላችንም እንደዚያ ነበር፤ ልጆች እየሮጡ ይወጡ ነበር። አሁን ግን ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ልጁን ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው አለ። እሱ ባለበት መንደር አንቺ ሰማይ ሰማይ እያነጣጠርሽ ብትታዪ ማን ነች ይልሻል? ወታደሩም ጎረቤትሽም በየፊናቸው ይጠረጥሩሻል። ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይህ ዋጋ ይበዛል።

ነገሩ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ግሪክ ውስጥ ካላማታ በምትባል ከተማ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን አውሮፕላን አፍቃሪዎች የአየር ትርዒት ለማየት ሄደው ታሰሩ። በእጃቸው የነበረው የአውሮፕላን ቁጥር የተመዘገበበት ደብተር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ገሚሶቹ በስለላ 3 ዓመት ተፈረደባቸው፤ የቀሩት በመተባበር 1 ዓመት። ይግባኝ ብለው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነፃ ወጡ። ግሪክና እንግሊዝ በአንድ የጦር ቃል ኪዳን ውስጥ ያሉ አገሮች ናቸው እንግዲህ። የግሪክ ዳኞች «ቁጥር መጻፍ ምኑ ያዝናናል?» የሚለው ነገር ሊገባቸው አልቻለም።

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። የአውሮፕላን ቁጥር፣ ቀንና ቦታ አንድ ላይ ሲሰበሰብ መረጃ ይሆናል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ እስረኞችን በድብቅ ከአገር አገር የሚያመላልስባቸው አውሮፕላኖች የታወቁት በከፊል በእነዚህ አማተሮች ነው። አንዱ እዚህ ሲያርፍ አንስቶታል፣ ሌላው እዚያ ሲነሳ። ጋዜጠኞች ቁጥሮቹን ገጣጥመው ጉዞውን አወጡት። በዚያ ታሪክ አማተሮቹን አደንቃለሁ። ግን ያው ዘዴ በሌላ ሰው እጅ ምን እንደሚያደርግም አስቢው። ሙያው ራሱ የተወለደው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጠላትን አውሮፕላን ከወዳጅ እንዲለዩ ሲቪሎችን ያሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ለዚሁ ብቻ የሚታተም ጋዜጣ ጀመሩ። ሰላም ሲመጣ የለመዱትን ዓይን መተው አቃታቸው፤ መዝናኛ አደረጉት።

የምትቀኚባቸው ፎቶዎች የተነሱበትን ቦታም ልንገርሽ። ተራራ ላይ ቆመው ጄቱን ቁልቁል የሚያነሱበት አንዱ ዌልስ ውስጥ ያለው ማክ ሉፕ የሚባል ሸለቆ ነው። ጄቶቹ ከመሬት እስከ 76 ሜትር ድረስ ዝቅ ብለው እንዲለማመዱ የተፈቀደበት አካባቢ ነው፤ ኮረብታው ደግሞ ለእግረኛ ክፍት ነው። ሌላው የስዊዘርላንዱ አክሳልፕ ነው። እዚያ አየር ኃይሉ ራሱ ሕዝብ ጋብዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ተራራ ላይ ተኩሱን ሲያሳይ ኖሯል። አየሽ፣ እነዚያ ሰዎች ከአንቺ የበለጡት በድፍረት አይደለም። በር ተከፍቶላቸው ነው።

የእኛ በር የሚከፈተው ቢሾፍቱ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። አየር ኃይሉ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ትርዒት ያሳያል። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ 89ኛ ዓመቱን ሲያከብር ብላክ ላየን አፍሪካ በሚል ስም የአቪዬሽን ኤክስፖ አዘጋጅቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኖቹ እንዲታዩ ነው የሚወጡት። እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲታወጅ መግቢያው እንዴት እንደሆነና ካሜራ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከተፈቀደ ሂጂ፣ የልብሽን አንሺ። ሌላ ቀን ግን የአየር ኃይሉ ሰፈር በሆነው በቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ አጥር አካባቢ ውር ውር እንዳትዪ። የባሕር ዳሩ ምክር እዚያም ይሠራል።

እስከዚያው የጦር አውሮፕላን ፍቅርሽን በዓይንሽና በጭንቅላትሽ አሳድጊው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከካሜራው በላይ የሚጣፍጠው እሱ ነው እላለሁ። በጦርነቱ ዘመን የነበሩ የሰማይ ጠባቂዎች የሚማሩት ቅደም ተከተል ነበር፤ ክንፍ፣ ሞተር፣ ገላ፣ ጅራት። መጀመሪያ ክንፉን እዪ። ከላይ ነው የተገጠመው ወይስ ከታች? ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ኋላ የተጠረገ? ከዚያ ሞተሩ ስንት ነው፣ የት ተቀምጧል? ገላው ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ጅራቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? በዚህ ቅደም ተከተል የለመደ ዓይን ስም ከማስታወሱ በፊት ዓይነቱን ይለያል።

ልምምዱን በአየር ኃይላችን ታሪክ ላይ ብትሠሪው የበለጠ ይገባሻል። አልባሙ ሰፊ ነው። መጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1929 አዲስ አበባ የገቡት ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ናቸው፤ ሁለት ክንፍ የተደራረበባቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ስዊድኖች መጡና ሳአብ 17ን አመጡ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5 ነበሩ። በሶማሊያ ጦርነት ዘመን ሚግ-21 እና ሚግ-23 ገቡ። ሚግ-23ን መለየት ደስ ይላል፤ ክንፉ በበረራ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሲያርፍ ይዘረጋዋል፣ ሲፈጥን ወደ ኋላ ይሰበስበዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ሱ-27 መጣ፤ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ቀጥ ያለ ጅራት፣ በሞተሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት። እነዚህን ሁሉ በታተሙ ፎቶዎችና በአየር ኃይሉ በራሱ ምስሎች ላይ ማጥናት ትችያለሽ። ማንም አይጠይቅሽም።

ፀሐይን ደግሞ እንዳትረሺ። ልዕልት ፀሐይ ስሟን የሰጠቻት፣ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ነች። ጣሊያኖች ወስደዋት ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው አቆዩዋት። የሚገርመው ያ ሙዚየምም ሐይቅ ዳር ነው፤ ብራቻኖ ከሚባል ሐይቅ ጎን። በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ለኢትዮጵያ አስረከበቻት። አውሮፕላን አፍቃሪ ነኝ የሚል ኢትዮጵያዊ የፀሐይን መልክ በቃሉ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ካሜራው። የት ልጀምር ላልሽው መልሴ ሊያስቅሽ ይችላል፤ ከፔሊካን ጀምሪ። እየቀለድኩ አይደለም። የሚበር ነገር ማንሳት ማለት በመሠረቱ ሦስት ነገር ነው። የሚንቀሳቀሰውን በሌንስ ውስጥ ማቆየት፣ ፎከሱን እንዳይለቅ ማድረግ፣ ከደማቅ ሰማይ ፊት ብርሃኑን በልክ ማድረግ። ሦስቱንም ጣና በነፃ ያስተምርሻል። ካሜራሽም አውሮፕላኑንና ወፉን አይለይም፤ ሴቲንጉ ያው ነው።

ፔሊካን ጥሩ መጀመሪያ የሚሆነው ትልቅና ዝግ ያለ ስለሆነ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል። ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከውሃ ለመነሳት መንደርደር አለበት። ሲያርፍ ደግሞ ክንፉን ዘርግቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እግሩን ወደ ፊት ይሰዳል፣ ውሃውን እየሰነጠቀ ይቆማል። የት እንደሚነሳና የት እንደሚያርፍ ቀድመሽ ትገምቻለሽ። ጠዋት ዓሣ በሚራገፍበትና በሚበለትበት ዳርቻ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቹን ሰላም በዪ፣ ምን እንደምታነሺ ንገሪያቸው። ሰው ያለበትን ፎቶ ከማንሳትሽ በፊትም ጠይቂ።

ፔሊካኑን ስትለምጂ ወደ ዓሣ አዳኙ ንስር እለፊ። ጭንቅላቱ ነጭ የሆነው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ዛፍ ላይ ተቀምጦ የሚጮኸው ማለቴ ነው። እሱ ፈጣን ነው፤ ሲወርድ ካሜራሽን ከማንሳትሽ በፊት ያልቃል። ከዚያ ደግሞ ያቺ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፤ ጭንቅላቷ ግን አይነቃነቅም። ሄሊኮፕተር ለማንሳት ከእሷ የተሻለ ልምምድ የለም። ክንፏ በስሱ እንዲደበዝዝ፣ ዓይኗ ግን ጥርት እንዲል ማድረግ የቻለ ሰው የሄሊኮፕተር ምላጭ አይከብደውም።

ሴቲንጉን ዝም ብለሽ እንዳትሸመድጂው ምክንያቱን ልንገርሽ። ካሜራውን ቲቪ በሚለው ሞድ ላይ አድርጊው፤ ሻተር ስፒዱን፣ ማለትም መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ አንቺ ትመርጫለሽ፣ ሌላውን እሱ ያሰላል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ተይው። ፎከሱን ኤአይ ሰርቮ ላይ አድርጊ፤ የሚንቀሳቀስን ነገር ያለማቋረጥ የሚከተለው እሱ ነው። ከፎከስ ነጥቦቹ የመካከለኛዋን ብቻ ምረጪ። ርካሽ ካሜራ ላይ ትክክለኛዋ እሷ ነች። ተከታታይ የሚያነሳውን ሞድ ክፈቺ፣ ግን ጣትሽን ተጭነሽ አትተዪው፤ በአጭር በአጭሩ አንሺ።

አሁን ሻተር ስፒዱ። ባሕር ዳር በብዛት የምታዪው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው400 ነው፤ ክንፉ ከላይ የሆነው፣ ፕሮፔለር ያለው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር 6 ምላጭ አለው። ሲነሳ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 17 ዙር ማለት ነው። በ1/1000 ሰከንድ ብታነሺው ምላጩ የሚዞረው 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን! አያምርም። በ1/100 ብታነሺው ግን 61 ዲግሪ ይዞራል። በሁለት ምላጮች መካከል ያለው ደግሞ 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሙሉ ክብ ሆኖ ይወጣል። መድረስ ያለብሽ እዚህ ነው፤ መጀመሪያ ግን በ1/320 ጀምሪና እጅሽ ሲጠና ዝቅ እያደረግሽ ሂጂ።

ችግሩ በ1/100 ሰከንድ ውስጥ አውሮፕላኑም ይሄዳል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚያች ቅጽበት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንቺ ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ከያዝሽ የተቀባ ነገር ነው የምታገኚው። ስለዚህ አብረሽው ትዞሪያለሽ፤ ፓኒንግ የሚሉት ይህን ነው። እግርሽን አውሮፕላኑ ወዳለበት ሳይሆን ልታነሺው ወዳሰብሽበት አቅጣጫ ትከዪ። ከወገብሽ ተጠምዝዘሽ ያዢው፣ እየተከተልሽ ተፍታቺ፣ መሃል ላይ ተጫኚ። ከተጫንሽ በኋላም መከተልሽን አታቋርጪ። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ የካሜራውን ድምፅ ሲሰማ ይቆማል። ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ። ትንፋሽሽንም ያዝ አድርጊው።

ሄሊኮፕተር ከዚህም ይከብዳል። ሚ-8ን ብንወስድ 5 ምላጭ አለው፣ በደቂቃ 192 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ሙሉ ክብ እንዲሆንልሽ 1/16 ሰከንድ ያስፈልጋል። እሱን በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ማውጣት ለማንም ከባድ ነው፤ በ1/60 ምላጩ በመጠኑ ከደበዘዘ ይበቃል። ይህን የምነግርሽ ለትርዒት ቀን እንዲሆንሽ ነው። ጄት ከሆነ ደግሞ ተገላገልሽ፤ የሚዞር ነገር አይታይም፣ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ሂጂ።

ብርሃኑ ላይ ፔሊካኑ በደንብ ያሠለጥንሻል። እሱም ነጭ፣ አውሮፕላኑም ነጭ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል። ነጭ ወፍ ከጠቆረ ውሃ ፊት ሲሆን ካሜራው «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ላባው ነጭ ጭቃ ይሆናል። ያኔ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን ልክ) በ1 ቀንሺ። ያው ወፍ ከደመናማ ሰማይ ፊት ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወፉ ይጠቁራል፣ በ1 ጨምሪ። ኪው400ም ጣና ላይ ሲያልፍ በሰከንዶች ውስጥ ከተራራ ፊት ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ ውሃ ይሸጋገራል። ጣትሽ ሳታዪ መቀየሪያው ላይ መድረስ አለበት።

የት ልቁም ላልሽው፣ ሰው በሚዝናናበት የሐይቅ ዳር መናፈሻ ቁሚ። ሌላ ቦታ አትፈልጊ። አየር ማረፊያው ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከመናፈሻው ሩቅ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው። ይሁን። አውሮፕላን ፍሬሙን ሙሉ መሙላት አለበት ያለው ማነው? ታንኳ ከፊት፣ የሐይቁ ስፋት መሃል ላይ፣ ከላይ ደግሞ ለማረፍ ዝቅ የሚል አውሮፕላን። ይህን ፎቶ የማክ ሉፕ ሰዎች ሊያነሱት አይችሉም። ለዚህ ደግሞ ያለሽ 18-55 በቂ ነው። ማስተዋል ያለብሽ የአየር ማረፊያው ሕንፃና ሜዳ በፍሬምሽ እንዳይገባ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ውጪ የሚልሽ ሰው ይኖራል፤ እይታው እውነትም ልብ ያጠፋል። ግን ቤተ መንግሥት አለበት፤ በረጅም ሌንስ አትሂጂ። በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ገዳማቱ ስትሄጂም በተለመደው መንገድ ሂጂ፤ ባለ ጀልባውን «ወደዚያ ጠጋ በልልኝ» አትበዪው።

ባሕር ዳር አንድ የሚያስቀና ነገር አላት፤ ሐይቁ በሰሜን ነው። ከከተማው ዳርቻ ወደ ሐይቁ ስትመለከቺ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከጀርባሽ ትሆናለች። የምታነሺው ነገር ፊቱ በርቶ ይወጣል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ያው አብዛኛው ክረምት ስለሆነ ብዙም አይቆጭም። ከሁሉ የሚበልጠው መስከረምና ጥቅምት ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ከሩቅ ያለው ተራራ ሁሉ ይታያል። መጋቢት ላይ አቧራና ጭስ ስለሚበዛ ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ገርጥቶ ይወጣል።

ከቀኑ ደግሞ ጠዋትን ምረጪ፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያስተካክልም። ፎቶሽ ደብዝዞ ሲወጣ ሌንሱን ከመርገምሽ በፊት ሰዓቱን እዪ። ውሃ እንደ አስፋልት ስለማይግል በሐይቁ ላይ ማንሳት ከየብሱ ይሻላል።

የሚመጣውን አውሮፕላን ለማወቅ ፍላይትራዳር24 ስልክሽ ላይ ጫኚ። የሲቪል አውሮፕላኖች ራሳቸው የሚያሰራጩትን መረጃ ስለሚያሳይ ከአዲስ አበባ የተነሳው ምን ዓይነት እንደሆነና የት እንደደረሰ ታያለሽ። ከዚህ አልፈሽ የሬዲዮ መጥለፊያ መቀበያ የሚባል ነገር አትግዢ። ድሮንም እንደዚሁ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ጣጣ ነው፣ አየር ማረፊያ ባለበት ከተማ ደግሞ አደገኛ ነው።

አንድ ዘዴ ልጨምርልሽ። ድምፅ ለ1 ኪሎ ሜትር 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከፍ ብሎ የሚያልፍን ጄት ድምፁ ወደመጣበት ብትፈልጊው አታገኚውም፤ ቀድሞ ሄዷል። 3 ኪሎ ሜትር ርቆ በሰዓት 900 የሚበር ከሆነ ድምፁ እስኪደርስሽ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ዓይንሽን ወደ ፊቱ ወርውሪው።

ባሕር ዳር ላይ የሚታዩትን ለመለየት ብዙ አትቸገሪም። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ነው፤ የጅራቱ አግዳሚ ክንፍ ከላይ ጫፉ ላይ ነው። ጄት ከሆነ ቦይንግ 737ን ጠብቂ፤ ክንፉ ከታች ነው፣ የሞተሩ ከንፈር ከሥር ጠፍጠፍ ያለ ነው። የሞተሩ ሽፋን ከኋላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ማክስ ነው፤ ለስላሳ ከሆነ የቀደመው ትውልድ ነው። ከተማሽ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 16 በመቶ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም አድርጎ ይንደረደራል፣ ሲወጣም ይዘገያል፤ በተለይ በሙቀት ጊዜ። በፎቶ ዓይን ሲታይ ይህ ጸጋ ነው። ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝምልሻል።

ወፍና አውሮፕላንን አብሬ ያነሳሁት ለልምምዱ ብቻ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። ሞተሮቹ ከሸፉ። አብራሪዎቹ በጎማ ሳይሆን በሆዱ መሬት ላይ አሳረፉት፣ ከዚያ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ታላላቆችሽ ያስታውሱታል። እና የሚበር ወፍ ለማንሳት ብለሽ የተቀመጠን መንጋ በድንጋይም በጭብጨባም አታስነሺ። ወፍ እንዲሰበሰብልሽም የዓሣ ትርፍራፊ አትበትኚ። ይህ በየትኛውም ሐይቅ ነውር ነው፤ አየር ማረፊያ ባለበት ደግሞ ከነውርም ያልፋል።

ሌንስ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። ያለሽ 18-55 በ55 ላይ ሆኖ ኪው400 ፍሬሙን እንዲሞላልሽ አውሮፕላኑ 80 ሜትር ገደማ ላይ መሆን አለበት። ያ አይሆንም። 250 ካለሽ 370 ሜትር ገደማ ላይ ይሞላዋል፤ 300 ካለሽ 440 ሜትር ገደማ ላይ። ገበያ ላይ ሁለት ርካሽ የካኖን ሌንስ ያጋጥምሻል። አንዱ 75-300 ነው፣ ሌላው 55-250። ቁጥሩ ትልቅ ነው ብለሽ በ75-300 እንዳትሸወጂ። መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር የለውም፣ 300 ላይ ሲደርስም ምስሉ ጥራቱን ያጣል። 55-250፣ ኤስቲኤም የሚል የተጻፈበት፣ ፎከሱ ፈጣንና ዝምተኛ ነው፤ ማረጋጊያም አለው። ያገለገለ ከገዛሽ ወደ ብርሃን አዙረሽ ውስጡን እዪ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ቢሆን ተይው። ግን ሌንሱን ለመግዛት አትቸኩዪ። በ18-55 ፔሊካን ሲያርፍ ጥርት አድርገሽ ማውጣት ከቻልሽ በኋላ ግዢ።

መታወቂያሽን፣ ፋይዳ ካለሽ እሱን፣ ሁልጊዜ ያዢ። ሰው መጥቶ ከጠየቀሽ ካሜራውን አውርጂ፣ በትሕትና ሰላም በዪ፣ ያነሳሽውን ወፍም አውሮፕላንም አሳዪ። እሱ ሲመጣ ፎቶ ለማጥፋት አትጣደፊ፤ የምትደብቂው ያለሽ ያስመስላል። ሂጂ ካለሽ ሂጂ። መብትሽ ቢሆን እንኳ ለዛሬ ይቅር፤ ነገም ፔሊካኑ አለ። በአጋጣሚ የጦር ነገር ፍሬምሽ ውስጥ ገብቶ ቤት ስትደርሺ ካገኘሽው ሰርዢው፣ ለጓደኛም አትላኪ። የሲቪሉንም ስትለጥፊ የስልክሽ ወይም የካሜራሽ የቦታ መረጃ መዘጋቱን አረጋግጪ።

የጣና ዳር እርጥበት ለሌንስ ጠላት ነው፤ በተለይ ክረምት። ሽፋን ባለው ቦርሳ ውስጥ ዘግተሽ አታስቀምጪው፤ ሻጋታው የሚወደው እሱን ነው። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ግዢና ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኚያቸውን እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች አብረሽ ጨምሪበት። ከረጢቶቹን በየጊዜው ቀይሪያቸው። ፀሐይ ባለ ቀን ሌንሱን አውጥተሽ ለትንሽ ጊዜ ብርሃን አሳዪው። አነሳሽም አላነሳሽም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህን እንዳትረሺ።